ዝፍዝፍ መጠጥ ለመማር የቱ ይሻላል? ከደብረ ማርቆስ የተጻፈ ማነጻጸሪያ

ጤና አዳም የተነከረበት ቡና የጠጣ ሰው የዚህን ትምህርት ግማሹን ያውቀዋል። ቅጠሏ ሲኒው ውስጥ ትገባለች፣ ትንሽ ትቆያለች፣ ሽታዋን ትታ ትወጣለች። በቡናው ፋንታ ጂን ወይም አረቄ፣ በሲኒው ፋንታ ጠርሙስ፣ በደቂቃዋ ፋንታ ቀናት አድርጉት። ባርቴንደሮች «ኢንፊውዥን» የሚሉት ይኸው ነው። እኔ ዝፍዝፍ እለዋለሁ። ሳሙና ውስጥ ያደረ ልብስ ትዝ ቢላችሁ አልፈርድባችሁም፤ ሥራው ግን ያው መዘፍዘፍ ነው።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ይህን ነገር ለመማር ባለፉት ሁለት ዓመታት ያልሞከርኩት የለም። ሆቴል ሄጄ ከፍያለሁ። ባለሙያ ቤት ድረስ አስመጥቻለሁ። አረቄ የሚያወጡ እናት ጓዳ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። የስልክ ቪዲዮ እያየሁም አንድ ሊትር መጠጥ አበላሽቻለሁ። ከዚያ ወዲህ «የቱ ይሻላል?» የሚለኝ ሰው በዛ። መልሱ እንደ ሰዉ፣ እንደ ኪሱና እንደ ከተማው ይለያያል። ለእያንዳንዱ ከማስረዳ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ይህ ለአዋቂ የተጻፈ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። አልኮል የማይነካ ሰው ግን ትቶኝ እንዳይሄድ፤ ታች ለእሱም የሚሆን አለኝ።

## መጀመሪያ መለኪያው

መለኪያ ስል የአረቄውን ማለቴ አይደለም። ከመክፈላችን በፊት አማራጮቹን የምንመዝንበትን ማለቴ ነው።

ጊዜውን እንዴት ያደርጉታል?

ሰው ሁሉ መጀመሪያ ዋጋ ይጠይቃል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ጊዜ ነው። ዝፍዝፍ የቀናት ሥራ ነው። ስልጠናው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ከሰዓት ነው። ሁለቱ አይገናኙም።

እስቲ የቆይታውን ልክ እዩት። ቃሪያ ከገባ በሰዓት ውስጥ ያቃጥላል፤ በየሩብ ሰዓቱ መቅመስ ያስፈልጋል። ጤና አዳም ጥቂት ሰዓት ይበቃዋል። የተቆላ ቡና ሳይፈጭ ከተጨመረ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን። የጥብስ ቅጠል አንድ ሁለት ቀን። የሎሚ ልጣጭና ዝንጅብል ከሦስት እስከ አምስት ቀን። ኮረሪማ መሃል ላይ ነው። ቅርንፉድ ደግሞ ሁለት ፍሬ ካለፈ ሌላውን ሁሉ ውጦ ብቻውን ይነግሣል።

በዚህ ላይ አየሩን ጨምሩበት። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ባህር ዳር 1,800 ገደማ። በብርድ ጣዕም የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው። ባህር ዳር ላይ «ሦስት ቀን» የተባልኩት የሎሚ ልጣጭ እኔ ቤት ክረምት ላይ አምስት ቀን ይፈጃል። እንጅባራ ያለ ሰው ከእኔም በላይ ይታገሣል። ስለዚህ ወረቀት ላይ የተጻፈ የቀን ቁጥር ይዞ መመለስ ብዙም አይጠቅምም። መማር ያለበት ምላስ ነው። አንድ ቀን የቆየው፣ ሦስት ቀን የቆየውና አሥር ቀን የቆየው ጎን ለጎን ተደርድሮ ሲቀመስ፣ ያኔ ነው ሰው «ማውጣት የነበረብኝ እዚህ ጋ ነው» የሚለው።

እኔን ብትጠይቁኝ ገንዘብ የሚከፈለው ለዚህ ነው። አዘገጃጀቱማ ሁለት መስመር ነው፤ የትም ይገኛል። ጥሩ አሰልጣኝ ወይ አስቀድሞ የዘፈዘፋቸውን በየዕድሜያቸው ይዞ ይመጣል፣ ወይ ስልጠናውን በሳምንት ልዩነት ሁለት ቀጠሮ ያደርገዋል። ሁለቱንም ካላደረገ የምትከፍሉት ለትርኢት ነው።

መነሻው መጠጥ ከየት መጣ?

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ዝፍዝፍ ጣዕም ይጨምራል እንጂ መጥፎ መጠጥ አያጠራም። ሜታኖል፣ ዓይን የሚያጠፋና የሚገድል መርዛማ የአልኮል ዓይነት፣ ያለበት መጠጥ ውስጥ ዝንጅብልም ማርም ብትጨምሩ ሜታኖሉ እዚያው ነው። በማሽተት አይለይም፣ በጣዕም አይለይም፣ «ለኩሼ ነበልባሉን አየሁት» የሚባለውም ፈተና አያስተማምንም። ምልክቱ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ጠጥቶ የተኛ ሰው በማግሥቱ ራሱን ሲያመው፣ ሲያስታውከውና ዓይኑ ሲደበዝዝበት «ሃንጎቨር ነው» ብላችሁ አትጠብቁ፤ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ትልቁ አደጋ የሚመጣው ደግሞ ኢንዱስትሪ ውስጥ የሚሠራበትን አልኮል ከመጠጥ ከሚቀላቅሉ ሰዎች ነው። ስለዚህ አሰልጣኙ የሚሠራበት ጠርሙስ የታሸገ መሆኑን፣ አረቄ ከሆነም ማን እንዳወጣው ጠይቁ። ጥያቄው የሚያስቀይመው አሰልጣኝ ይቅርባችሁ።

ጥንካሬውም ቁም ነገር ነው። አልኮሉ 40 ከመቶ ገደማ የሆነ መጠጥ ለቤት ዝፍዝፍ ይመቻል። ከዚያ በጣም ከወረደ ጣዕም በደንብ አይወጣም። በተለይ ትኩስ ፍራፍሬ ገብቶበት አልኮሉ ከ20 ከመቶ በታች ከሆነ መበላሸት ይጀምራል። ቮድካ የራሱ ጣዕም ስለሌለው ለጀማሪ የተሻለ ነው። ጂን ቀድሞውኑ በቅመማ ቅመም የተሠራ ነው፤ ሎሚ ይወዳል። ኡዞ የእንስላል ጣዕሙ ስለሚበረታ ለብቻው ቢጠጣ ይሻላል። ውኃ ሲነካው ወተት የሚመስለው የእንስላሉ ዘይት ከአልኮሉ ስለሚለያይ ነው እንጂ ተበላሽቶ አይደለም።

የማን እጅ ይሠራል?

ለአሥራ ሁለት ሰው አንድ ቢላና አንድ ሚዛን ካለ ስልጠና አይደለም፤ ማየት ነው። ለሦስት ሰው አንድ ሥራ ቦታ ካለ ጥሩ። የሎሚን ቢጫ ልጣጭ ነጩን ሳይነካ መላጥ በዓይን አይለመድም። ነጩ ከገባ መጠጡ ይመራል።

የሚያስተምሩበት ነገር እኛ ገበያ አለ?

በብሉቤሪና በቫኒላ ተምሬ ማርቆስ ገበያ ምን ላደርግ? እኛ ዘንድ ያለው ሌላ ነው፣ ለዚያውም የሚያስቀና። የጎጃም ማር አለ። ዘጌ ከዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅለው ቡና አለ፤ ሎሚውም ጌሾውም እዚያው ነው። ትርንጎ ከተገኘ ልጣጩ ወፍራምና ሽታው ልዩ ነው። ኮረሪማ፣ ዝንጅብል፣ ጦስኝ፣ በሶብላ፣ የጥብስ ቅጠል የትም አለ። አሰልጣኙ በእነዚህ ካልሠራ ቤት ስትመለሱ እጃችሁ ባዶ ነው።

ጠቅላላ ወጪው

የክፍያውን ብር ብቻ አትዩ። መጓጓዣ፣ አልጋ፣ ጠርሙስ፣ መነሻ መጠጥ ሁሉ ይደመር። ከዚያ ለሁለት ነገር አካፍሉት፤ እጃችሁ ለሠራበት ሰዓትና ይዛችሁት ለምትመለሱት ሚሊ ሊትር። ርካሽ የመሰለው ስልጠና በዚህ ስሌት ውድ ሆኖ ሲገኝ አይቻለሁ።

## አንደኛ፦ የሆቴል ባር የአንድ ከሰዓት ስልጠና

እንዲህ ያለውን የወሰድኩት ባህር ዳር ነው። ከማርቆስ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመንገዱን ሁኔታ ሳይጠይቁ መነሳት ደግሞ በዚህ ዘመን አይመከርም። ደረስን። ሐይቁ ፊት ለፊት፣ ሙዚቃው ለስለስ ያለ፣ ባርቴንደሩ ጠርሙስ ወደ ላይ ወርውሮ የሚቀልብ። አሥራ ሁለት ሰው ነበርን። እሱ ቆረጠ፣ እሱ ጨመረ፣ እሱ በጠበጠ። እኛ አጨበጨብን፣ ፎቶ አነሳን። ሲያልቅ ለየአንዳንዳችን አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ሰጡን፤ ጂን ውስጥ ጤና አዳም። መቼ እንደሚወጣ የነገረን የለም።

ሳምንት ሙሉ ጓዳ አስቀመጥኳት። ለበዓል አወጣኋትና እናቴን አስቀመስኳት። ፊቷን አጨማዳ «ለሆድ ቁርጠት ነው?» አለችኝ። ቅጠሉ ሰባት ቀን ቆይቶ መድኃኒት ሆኗል። በዚያው አጋጣሚ ልጨምር፦ ነፍሰ ጡር ሴት ጤና አዳም የተዘፈዘፈበትን ነገር መቅመስ የለባትም። አልኮሉም ይጎዳታል፣ ቅጠሉ ራሱም ማህፀንን ያስቆጣል።

እንዲህም ሆኖ የሆቴሉን ስልጠና ሙሉ በሙሉ አልጥለውም። ኮክቴል ማቀነባበር በሦስት ሰዓት ይለመዳል። ሁለት እጅ መጠጥ፣ አንድ እጅ ሎሚ፣ አንድ እጅ ሽሮፕ የምትለዋን መነሻ ልክ ያገኘሁት እዚያ ነው። በረዶ ምን ያህል እንደሚያቀጥን፣ ሼከር (መጠጡ ከበረዶ ጋር የሚነቀነቅበት ዕቃ) ስንት ጊዜ እንደሚመታ፣ መጣፈጡና መኮምጠጡ እንዴት እንደሚመጣጠን፤ ይህ ሁሉ በእጅ የሚታይ ነው። ሽሮፑን በስኳር ፋንታ በማር ብታደርጉት፣ ማርና ለብ ያለ ውኃ እኩል እኩል አድርጋችሁ በጥብጡት።

ከመክፈላችሁ በፊት ደውሉና ሦስት ነገር ጠይቁ። ስንት ሰው ነው? ቀድሞ የተዘፈዘፈ ናሙና አላችሁ? ይዤ የምሄደውን እኔ ነኝ የምሠራው? ለኋለኞቹ ሁለቱ «አይ» ካሉ፣ ለመዝናናት ካልሆነ በቀር ለትምህርት አትሂዱ።

## ሁለተኛ፦ ባለሙያ ቤት ድረስ መጥራት

ከሁሉ የወደድኩት ይኸኛው ነው። ስድስት ሆነን አዋጣን። የምናውቀው ባርቴንደር ዕረፍቱ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። በስልክ ስንስማማ «አንድ ቀን ሳይሆን ሁለት ቅዳሜ ና» አልነው። መጀመሪያ ገረመው፤ በኋላ እሱም ወደደው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁላችንም ላጥን፣ ከተፍን፣ መዘንን። እያንዳንዳችን የየራሳችንን ማሰሮ፣ ማለቴ ክዳን ያለው ብርጭቆ ዕቃ ሞላን። ፕላስቲክ አልፈቀደም፤ አልኮል ከፕላስቲክ ሽታ ይወስዳል አለ። ቅጠሉና ልጣጩ ከመጠጡ በታች እንዲውል፣ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ እንዲቀመጥ፣ በቀን አንዴ እንዲነቀነቅ አዘዘን። ከቤቱ ይዞ የመጣቸውን ሦስት ናሙናዎችም ቀመስን፤ ሁሉም ዝንጅብል ናቸው፣ ዕድሜያቸው ብቻ ይለያያል። ሁለተኛው እንኳ ገና ውኃ ውኃ ይል ነበር። ሦስተኛው ጉሮሮ ይይዛል። መሃል ላይ የሆነ ቦታ ላይ ማቆም እንዳለብን ማንም ሳይነግረን ገባን።

በሁለተኛው ቅዳሜ ማጥለል፣ ማጣፈጥ፣ ማቀላቀል ሆነ። በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አንዴ፣ በቡና ማጥለያ ወረቀት ሁለተኛ። ማር ስትጨምሩ ጥንካሬው እንደሚወርድ አትርሱ። 400 ሚሊ ሊትር የ40 ከመቶ መጠጥ ላይ 100 ሚሊ ሊትር የማር ሽሮፕ ብትጨምሩ ወደ 32 ከመቶ ይወርዳል። ቀላል ሒሳብ ነው፣ ግን ብዙ ሰው «ጣፈጠ» ብሎ ስለሚደፋ ሳያውቀው ብዙ ይጠጣል።

ጉድለቱ ምንድን ነው? ጥሩ ሰው ማግኘት ነው። ፈቃደኛ ባርቴንደር ይገኛል፤ ዝፍዝፍ የሚያውቅ ግን ሁሉም አይደለም። ዋጋውን ለአንድ ቀን ብሎ ለሁለት ቀን እንዲመጣ ማድረግም ድርድር ይጠይቃል። ዕቃውን ራሳችሁ ገዝታችሁ ብትጠብቁት ክፍያው ይቀንሳል፤ መነሻውም የታሸገ መሆኑን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ባለትዳሮች ካላችሁ የቤቱ እመቤት ሳታውቅ ሳሎኑን አትያዙ። ይህን ከልምድ ነው የምናገረው።

የቀን ምርጫም አለ። ሁለት ቅዳሜ በጾም መሃል ቢወድቅ ግማሹ ሰው አይቀምስም፤ ካልቀመሰ ደግሞ ምን ይማራል? ከፋሲካ በኋላ ያሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙ ለዚህ እንደ እነሱ የሚሆን የለም። ሌላው ጥሩ ጊዜ ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ አዲስ ማር የሚቆረጥበት። የነቢያት ጾም ኅዳር አጋማሽ ላይ ስለሚገባ ግን ቶሎ በሉ።

## ሦስተኛ፦ አረቄ የሚያወጡ እናት ጓዳ

ስልጠና ብሎ የሚጠራው የለም። እሳቸውም «ምን ትማራለህ ልጄ፣ ይኸው እየሠራሁ ነው» ነው የሚሉት። ግን ከሆቴሉም ከባርቴንደሩም የማይገኝ ነገር እዚህ አለ። መነሻው መጠጥ ራሱ ከየት እንደሚመጣ ታያላችሁ።

ጌሾው፣ ብቅሉ፣ ድፍድፉ። ድፍድፉ ቀናት ቆይቶ ሲበስል ሸክላው ውስጥ ይገባና እሳት ላይ ይወጣል። እንፋሎቱ በሸምበቆው አድርጎ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ዕቃ ይወርድና ጠብ ጠብ ይላል። መጀመሪያ የሚወርደውን፣ ሽታው አፍንጫ የሚወጋውን፣ እኒህ እናት ይደፉታል። ጥሩ ልማድ ነው፤ ብቻውን ዋስትና ነው ብላችሁ ግን አትመኑ። አንዴ የወጣው ተራ ነው። ያንኑ መልሰው ካወጡት ዳግም ይባላል። ጥንካሬው ከቤት ቤት ይለያያል፤ በጥቅሉ ለዝፍዝፍ የሚሆነው ከ40 ከመቶ በላይ የሚደርሰው ዳግሙ ነው።

በጎጃም ደግሞ የግብጦ አረቄ አለ። ግብጦ በአዊና በምዕራብ ጎጃም የሚዘራ እህል ነው፤ ሌላው አገር ብዙ አያውቀውም። «ታዲያ ግብጦውን ራሱን ለምን ጠርሙስ ውስጥ አልጨምረውም?» ያለኝ ጓደኛ ነበረኝ። እንዳታደርጉት! ያልታጠበ ግብጦ መራራና መርዛማ ነው። ለቆሎ እንኳ የሚበላው ተቆልቶ፣ ለቀናት ውኃ እየተቀያየረለት ምሬቱ ከወጣ በኋላ ነው።

የዝፍዝፍ ልምዱም ቢሆን ያለ ነው። ለጉንፋን ተብሎ ነጭ ሽንኩርት ከማርና ከአረቄ ጋር የሚቀመጠው ምንድን ነው ታዲያ? እኒህ እናት ዝንጅብል የገባበት ማር አረቄ አቀመሱኝ። የሆቴሉ ኮክቴል አጠገቡ አይደርስም። «ስንት ግራም ዝንጅብል ነው እትዬ?» አልኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። «ይህችን ታህል።» በቃ፣ መጠኑ ይኼ ነው። ማስታወሻ ደብተሬን ዘጋሁት።

ጉድለቱም እሱ ነው። ልኬት የለም፤ ደግማችሁ ስትሠሩ ያው ጣዕም ላይመጣ ይችላል። ድፍድፉ በራሱ ቀን ስለሚደርስ ቀጠሮውን የሚወስነው እሱ ነው። እሳቱም ከፍ ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የአልኮል እንፋሎት እሳት ይይዛል፣ ጠባብ ጓዳ ውስጥ ሲጋራ አይለኮስም። ዋናው ቁም ነገር ደግሞ ሰውየዋን ማወቅ ነው። ለዓመታት ስትጠጡላቸው የኖራችሁ፣ ጎረቤት የሚመሰክርላቸው እናት ዘንድ እንጂ በመንገድ የተገኘ አረቄ ቤት አይደለም። ክፍያ ብላችሁ ብር አትቁጠሩ። ስኳርና ቡና ይዛችሁ ሂዱ፣ ስትወጡ አንድ ሁለት ሊትር ግዙ። ያ ክብር ነው።

## አራተኛ፦ በራስ፣ ከቪዲዮ

ርካሽ ነው። ካላበላሻችሁ።

እኔ ያበላሸሁት ስለቸኮልኩ ነው። አንድ ሊትር ቮድካ ላይ ሎሚውን ከነነጩ ቆርጬ፣ ቅርንፉድ በእፍኝ፣ የተፈጨ ቡና፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ጨመርኩ። ቅርንፉዱ አፍ አደነዘዘ፣ ሎሚው መረረ፣ የተፈጨው ቡና አተላ ሆኖ አልጠልል አለ። የትኛው እንዳበላሸው እንኳ ማወቅ አልቻልኩም።

መፍትሔው ትንሽ በትንሽ መሥራት ነው። አንድ ጠርሙስ ግዙ። አራት ትንንሽ ብርጭቆ ዕቃ ላይ መቶ መቶ ሚሊ ሊትር አከፋፍሉ። በእያንዳንዱ አንድ ነገር ብቻ፤ አንዱ ላይ የሎሚ ልጣጭ፣ አንዱ ላይ ዝንጅብል፣ አንዱ ላይ የተቆላ ቡና፣ አንዱ ላይ አንዲት ኮረሪማ ተፈርክሳ። በየቀኑ በሻይ ማንኪያ ቅመሱ። ሲበቃ አጥልሉ። ከዚያ በኋላ ነው ማቀላቀል። እንዲህ ከሠራችሁ ከቪዲዮም ይማራል ሰው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስትሳሳቱ «ተው» የሚል ሰው የለም።

## ባጭሩ በሰንጠረዥ

| መለኪያ | ሆቴል፣ አንድ ከሰዓት | ባለሙያ ቤት፣ ሁለት ቅዳሜ | የአረቄ እናት ጓዳ | በራስ |
|---|---|---|---|---|
| ጊዜውን ማስተናገድ | ደካማ፣ ናሙና ከሌለ | በጣም ጥሩ | ጥሩ፣ ግን ቀጠሮው የድፍድፉ ነው | ጥሩ፣ ከታገሣችሁ |
| የመነሻው መጠጥ እርግጠኝነት | ጠይቁ | ራሳችሁ ከገዛችሁ ጥሩ | እናቲቱን ካወቃችሁ ብቻ | የታሸገ ከሆነ ጥሩ |
| እጅ ማስገባት | ትንሽ | ብዙ | መካከለኛ | ሙሉ በሙሉ |
| የአካባቢ ቅመም | አልፎ አልፎ | እናንተ ትመርጣላችሁ | ሙሉ በሙሉ | እናንተ ትመርጣላችሁ |
| ልኬት | አለ | አለ | በዓይን | እንደ እናንተ |
| ኮክቴል ማቀነባበር | በጣም ጥሩ | ጥሩ | የለም | ደካማ |
| ወጪ | ከፍተኛ፣ ከመንገዱ ጋር | መካከለኛ፣ ከተዋጣ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ |

## ለማን የቱ?

ኪሱ ለሳሳ፦ በራሳችሁ ጀምሩ፤ ከላይ ባልኳቸው አራት ዕቃዎች። ወር ሳይሞላ የምትወዱትን ታውቃላችሁ። ከዚያ አንድ ቀን አረቄ የሚያወጡ እናት ዘንድ ሂዱ። ሁለቱ ተደምረው ከሆቴሉ መጓጓዣ ያነሰ ይወጣል።

ጓደኛ ላለው፦ ሁለት ቅዳሜ። ሌላ አልመክርም። አራት ሰው ካነሰ ወጪው ይከብዳል፤ ከስምንት ከበለጠ ድግስ ይሆናል።

ለሰርግ ወይም ለልደት የሆነ ነገር ማሳየት ለሚፈልግ፦ ሆቴሉ ይሁን። ሼከር አያያዙና አቀራረቡ እዚያ ነው። ዝፍዝፉን ግን ከበዓሉ አሥር ቀን ቀድማችሁ ቤታችሁ ጀምሩ።

ሥራ ለማድረግ ለሚያስብ፦ ሁሉም አይበቃም። ለመሸጥ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ቤት ውስጥ የተዘፈዘፈ መጠጥ በጠርሙስ አሽጎ ገበያ ማውጣት ሌላ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ባር ውስጥ ተቀጥራችሁ ሥሩ።

ከባህር ዳር ለሚነሳ፦ ወደ ዘጌ በጀልባ ስትሻገሩ ቡናና ሎሚ ይዛችሁ ተመለሱ። የከተማው ሙቀት ስለሚያፋጥነው እኔ ካልኳቸው ቀናት ቀደም ብላችሁ ቅመሱ።

አልኮል ለማይጠጣ፦ ያው ዘዴ በብርዝ ይሠራል። ማርና ውኃ በጥብጣችሁ የሎሚ ልጣጭ፣ በሶብላ ወይም ትንሽ ዝንጅብል ጨምሩና ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። በማግሥቱ አጥልላችሁ ጠጡት። አታቆዩት፤ ብርዝ ከቆየ ሳታስቡት የጠጅን መንገድ ይይዛል። ሁለት ቅዳሜ ስናደርግ ከስድስቱ አንዷ የማትጠጣ ነበረች። የእሷ ማሰሮ ነው መጀመሪያ ያለቀው።

የትኛውንም ብትመርጡ ፕላስተር ቁራጭ ጠርሙሱ ላይ ለጥፉና ምን እንደገባ፣ መቼ እንደገባ ጻፉበት። እኔ ጓዳ ውስጥ ካለፈው ዓመት ጀምሮ አንዲት ቡናማ ጠርሙስ አለች። ምን እንደሆነች አላውቅም፤ ለመቅመስም እፈራለሁ፣ ለመድፋትም አልጨከንኩም።